ከመጨረሻው ፌርማታ ወዲያ

ሠላሳ አራት ዓመት በሐዲድ ላይ ነድቼ፣
መሪ በሌለበት ወንበር ተጎልቼ፣
ብርኖን ከዳር እዳር በደወል አንቅቼ፣
ትናንት ጡረታ ወጣሁ፣ ሰዓት ተሸልሜ።
(ሰዓት! ለእኔ! ሳቄን ውጬ እጅ ነሣሁ ቆሜ።)

ኦታካር፣ ጎረቤቴ፣ ባጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣
“ከእንግዲህስ?” አለኝ፣ ቲማቲም ማጠጣቱን ሰበብ አድርጎ።
ነገርኩት፣ በጣቶቼ እየቆጠርኩ፣
ስንት ክረምት ጋራዥ ውስጥ ብቻዬን እንደቀመርኩ፦

“መጀመሪያ ጃዋዬን፣ ቀይዋን፣ የአባቴን፣ ለውጬ ሻማዋን፣
ሰንሰለቷን ግራሶ ቀብቼ፣ አስጩኼ ጡሩምባዋን፣
ወደ ሰሜን፣ ፖላንድን አቋርጬ፣ እስከ ባልቲክ ዳርቻ፤
በየሐምሌው የሰው ፈረቃ ስሸፍን፣ ባሕርን ያየሁት በካርታ ብቻ።
ስመለስ በአልፕስ በኩል፣ መንገዱ እንደ በግ አንጀት በተጠማዘዘበት፣
አርባ ስምንት ኩርባ፣ በየኩርባው ቁጥር በተለጠፈበት።
በረዶ ሲዘጋኝ ደግሞ አኮርዲዮን እማራለሁ፣
ከድራሆሚራ ጋር ጫካ ገብቼ እንጉዳይ እለቅማለሁ፣
ንብም...”
               “ጉልበትህስ?” አለኝ። ሁለቱም ትርጉሙ ገባኝ፤
አንደኛው ሲያልቅብኝ ነው ሌላኛው የሚያመኝ።

ድራሆሚራ መስኮቱን ከፈተች፤ ለካ ሁሉን ሰምታ ኖሮ፣
“ባሕሩ ጋ ብቻህን ነው?” አለች። ዝም አልኩ፤ ዝምታ ለምዶብኝ ከድሮ።
“ከነጂው ጋር ማውራት ክልክል ነው” የሚል ጽሑፍ ከጀርባዬ
ዘመኔን ሙሉ ተለጥፎ፣ ቤትም ይዤው ገብቼ ነበር፣ ሳላውቀው፣ እንደ ጥላዬ።

ዛሬ፣ በመጀመሪያው ሌሊት፣ ያለ ደወል ነቃሁ በዘጠኝ ተኩል።
ልማድ ጡረታ አይወጣም፤ ደረጃ ላይ በጫማው ያንኳኳል።
ጃዋዬ ሁለቴ አሳላት፣ በሦስተኛው ተነሣች፤
የሰፈሩን ውሻ ሁሉ፣ የኦታካርንም ሚስት ቀሰቀሰች።
ወዴት? “ወደ ባሕር” አላለኝም እጄ፤
የአራት ቁጥርን ሐዲድ ይዞ ወረደ፣ ልጓሙን የጣልኩት ይመስል እኔው ወድጄ።
ከሐዲዱ ጎን ለጎማ ወጥመድ የሆነች ስንጥቅ አለች፤
ስንቱን ሞተረኛ በዝናብ ስትጥል በመስኮቴ አይቻለሁ። እኔን ማረች።

አንደኛው ፌርማታ ቆምኩ። ማንም የለም። ሃያ ሰከንድ ቆጠርኩ።
ሁለተኛውም ቆምኩ። በሦስተኛው በራሴ አፈርኩ።
አራተኛው ላይ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛዋ ቭላስታ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣
ከራስ ቁሬ እስከ ጫማዬ አየችኝና፣ “ም... ምነው? የዛሬው ትራም በሩ ጠፋ?”
ለድራሆሚራ ገዝቼ ልነግራት ያልደፈርኩትን የራስ ቁር አጥልቃ፣
ከኋላዬ ወጣች፤ በየኩርባው ጃኬቴን ጭምቅ አድርጋ፣ ስቃ፣ ስቃ።
ስለ ልጇ፣ ስለ ወለል ሳሙና ዋጋ ስታወራ ሄደች።
አሥራ አንድ ዓመት ከጀርባዬ ተቀምጣ፣ ዛሬ ገና ሰማኋት። ለካ ትንተባተባለች።

አወረድኳት። ከዚያ ወደ መጨረሻው ፌርማታ።
ትራም እዚያ ክብ ይዞራል፣ እንደ አውድማ በሬ፤
እኔም ዞርኩ አንዴ፣ ቆም አልኩ ሁለተኛ ዞሬ።
ከክቡ ወዲያ አስፋልቱ ይቀጥላል፦ የስንዴ ማሳ፣ የጎማ ማደሻ፣
ፊደሉ የደበዘዘ ምልክት፣ ገብቼበት የማላውቅ የመንደር መግቢያ፣ የመንደር መድረሻ።
በቀን ስምንት ጊዜ ጀርባዬን ስሰጠው የኖርኩ መንገድ፣
እንዳልተቀየመ ሰው ተዘርግቶ፣ “ና” የሚል እንጂ የማይል “ሂድ”።

ሞተሩን አጥፍቼ ደወልኩ። “ነቅተሻል?” — “ሰፈሩን ቀስቅሰህ፣ እኔ ልተኛ?”
“ልክሽ የሆነ የራስ ቁር አለኝ” አልኩ። ዝም። ድስት ተከደነ፤ ወንበር ተሳበ መሰለኝ።
“ልኬን እንዴት አወቅህ?” — “ተኝተሽ፣ በክር ለካሁት፣ ባለፈው ጥቅምት።”
እንደገና ዝም።
“ባሕሩ ጋ እንጉዳይ አለ?” — “አይመስለኝም።” — “ቢላዋዬን ግን እይዛለሁ። ምናልባት።”